አውቶማት፦ በአምስት ሳንቲም በሩ የሚከፈተው ምግብ ቤት

ኒውዮርክ ወይም ፊላዴልፊያ ያደጉ፣ ሰባውን ያለፉ ጎረቤት ካሉዎት «አውቶማት ገብተው ያውቃሉ?» ብለው ይጠይቋቸው። ብቻ ጊዜ ይኑርዎት፤ ወሬው ቶሎ አያልቅም። ስለ መስታወት በሮቹ ይነግሩዎታል። ከግድግዳ ስለሚቀዳው ቡና ይነግሩዎታል። ልጅ ሳሉ እናታቸው እፍኝ ሙሉ ሳንቲም አስይዘው የፈለጉትን እንዲመርጡ ስለለቀቋቸው ቀንም ያነሡ ይሆናል።

አሜሪካኖች የድሮ ፈጣን ምግብ ቤቶቻቸውን ይናፍቃሉ። ፈጣን ምግብ የሚባለው ተሠርቶ የሚጠብቅ ወይም በጥቂት ደቂቃ የሚደርስ፣ ዋጋውም ቀለል ያለ ምግብ ነው። አንዱ የልጅነቱን ሀምበርገር ቤት ያነሣል፤ ሌላው ቀይ ጣሪያ የነበረውን ፒዛ ቤት። በዕድሜም የሚቀድመው፣ በአሠራሩም የሚያስገርመው ግን አውቶማት ነው። እሱን ቀስ ብለን እንየው። እንዴት ይሠራ ነበር? ስንት ያስከፍል ነበር? ለምን ተዘጋ? ዛሬስ የት ይገኛል? (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ እንወቅ። አውቶማት አስተናጋጅ የሌለው ምግብ ቤት ነው። ግድግዳው እንደ ፖስታ ቤት ሳጥኖች በረድፍ በተደረደሩ ትናንሽ በሮች የተሞላ ነው። በሮቹ ግን መስታወት ናቸው፤ ከእያንዳንዱ ኋላ አንድ ሳህን ምግብ ይታያል። ደንበኛው አይቶ ይመርጣል። ሳንቲም ይከታል። በሩን ከፍቶ ሳህኑን ያወጣና የፈለገው ጠረጴዛ ላይ ሄዶ ይቀመጣል።

«የመጀመሪያው ፈጣን ምግብ ቤት ማክዶናልድ አልነበረም እንዴ?» ይሉ ይሆናል። አይደለም። የማክዶናልድ ወንድማማቾች ካሊፎርኒያ ውስጥ ሳን በርናርዲኖ ላይ ቤታቸውን የከፈቱት በ1940 ነው። ሀምበርገር በ15 ሳንቲም እያፋጠኑ መሸጥ የጀመሩት ደግሞ በ1948። የአሜሪካ የመጀመሪያው አውቶማት በ1902 አጋማሽ ላይ ሲከፈት ሁለቱም ወንድማማቾች ገና አልተወለዱም ነበር።

የከፈቱት ሁለት ሰዎች ናቸው። ጆሴፍ ሆርን የፊላዴልፊያ ሰው ነበር። ፍራንክ ሃርዳርት ጀርመን አገር ተወልዶ ኒው ኦርሊንስ ያደገ ስደተኛ። በ1888 ፊላዴልፊያ ውስጥ 15 መቀመጫ ያላት፣ ጠረጴዛ እንኳ የሌላት ጠባብ ምሳ ቤት ከፈቱ። ሰው የሚበላው ባንኮኒ ላይ ነበር። ስም ያወጣላቸው ቡናቸው ነው። ሃርዳርት የኒው ኦርሊንሱን አፈላል ይዞ መጣ፤ ሙቅ ውሃ በተፈጨው ቡና ላይ አልፎ ጠብ ጠብ እያለ ይወርዳል እንጂ ቡናው አብሮ አይንተከተክም። ድርጅታቸው ሆርን ኤንድ ሃርዳርት ተባለ።

ሳንቲም የሚበላውን ግድግዳ ግን እነሱ አልፈጠሩትም። በርሊን ውስጥ የሚሠራ መሣሪያ ነበር። ገዝተው አስመጡና ፊላዴልፊያ ቼስትነት ጎዳና ላይ ተከሉት። ከዚያ ጆን ፍሪትሽ የተባለው መሐንዲሳቸው ለአሜሪካ ገበያ እያሻሻለ አዲስ አደረገው። በ1912 ኒውዮርክ ገቡ፤ ያውም ታይምስ አደባባይ ላይ።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ።

በሩን አልፈው ሲገቡ የመጀመሪያ ሥራዎ ገንዘብ መዘርዘር ነው። መሣሪያው የሚቀበለው ኒኬል ብቻ ነው። ኒኬል የአሜሪካ አምስት ሳንቲም ማለት ነው። የመስታወት መከለያ ካለው ባንኮኒ ኋላ ሴት ዘርዛሪዎች ተቀምጠዋል። ጣታቸው ላይ የጎማ ቆብ አድርገዋል። አንድ ዶላር ሲሰጧቸው ሳያዩ፣ ሳይቆጥሩም በጣታቸው ስሜት ብቻ 20 ኒኬል ባንኮኒው ላይ ያንሸራትታሉ። ሕዝቡ «ኒኬል ወርዋሪዎች» ይላቸው ነበር። ስሙም ሙያውም እኩል ታዋቂ ነበር።

ሳንቲምዎን ይዘው ወደ ግድግዳው ይሄዳሉ። ምግቡ በዓይነቱ ተከፋፍሏል። ሳንድዊቹ በአንድ በኩል፣ ፓዩ (በሊጥ ተሸፍኖ ወይም ሊጥ ላይ ተሞልቶ በምድጃ የሚጋገረው) በሌላ በኩል፣ ትኩስ ምግቡ ደግሞ ለብቻው። ከሁሉ ይበልጥ የሚነሡት በቺዝ የተጋገረ መኮረኒ፣ በሸክላ ዕቃ በምድጃ የበሰለ ቦሎቄ፣ በክሬም የተሠራ ስፒናች እና የዱባ ፓይ ናቸው። የቅንጦት ምግብ የለበትም። ሁሉም የቤት ምግብ ነው።

ከበሩ አጠገብ የሳንቲም ቀዳዳና የሚዞር እጀታ አለ። የሚጠየቀውን ያህል ኒኬል ይከታሉ። እጀታውን ያዞራሉ። መቀርቀሪያው ይለቃል፤ በሩ ይከፈታል። ሳህኑን ያወጣሉ። አለቀ።

ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀራል? አይቀርም። ብልሃቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ከግድግዳው ኋላ ሌላ ክፍል አለ፤ በውስጡም ሠራተኞች። የአንድ ረድፍ ሳጥኖች በቁመቱ በሚሽከረከር ክብ ብረት ላይ የተሠሩ ናቸው። ሳጥኖቹ ሲጎድሉ ሠራተኛዋ ብረቱን ወደ ራሷ ታዞረዋለች። ሳህን ትሞላለች። መልሳ ታዞረዋለች። ከፊት የቆመው ደንበኛ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ለአፍታ የተሠወረው ሳጥን እንደገና በፓይ ተሞልቶ ብቅ ሲል። ልጆች አስማት ይመስላቸው ነበር። አዋቂዎችም ቆመው ያዩት ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። አውቶማት ያለ ሠራተኛ የሚሄድ ማሽን አልነበረም። ሠራተኛው አይታይም እንጂ ብዙ ነበር። የሚሞሉ፣ የሚዘረዝሩ፣ ሳህን የሚያነሡ፣ የሚያጥቡ፣ የሚጋግሩ ሰዎች ነበሩ። ድርጅቱ ያስቀረው አስተናጋጁን ነው፤ ከአስተናጋጁ ጋርም ጉርሻውን፣ ማለትም ቲፑን። ለድሃ ደንበኛ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በር ላይ የተጻፈው ዋጋ የመጨረሻ ዋጋው ነበር።

ቡናው ለብቻው ይነገርለታል። ቧንቧው የሚያንጸባርቅ ብረት ሆኖ በዶልፊን ራስ ቅርጽ ተሠርቷል። ዶልፊን የባሕር እንስሳ ነው፤ ቅርጹ የተወሰደው ከጣሊያን ፏፏቴዎች ነው ይባላል። ስኒዎን ከሥሩ ያደርጋሉ። ኒኬል ይከታሉ፤ እጀታውን ይጎትታሉ። ቡናው ይወርድና ልክ ስኒው ሲሞላ ራሱ ይቆማል። ድርጅቱ ጥብቅ ሕግ ነበረው፤ ፈልቶ 20 ደቂቃ የሞላው ቡና ይደፋል፤ አዲስ ይፈላል። ቡና አክብሮ ለሚጠጣ ሕዝብ ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

ምግቡ የሚሠራው እዚያው አልነበረም። በየከተማው አንድ ትልቅ ማእከላዊ ማእድ ቤት ነበር። ሁሉም ነገር እዚያ ተሠርቶ በመኪና ለየቅርንጫፉ ይከፋፈላል። ጥቅሙ ሁለት ነው። ጥሬ ዕቃ በጅምላ ስለሚገዛ ዋጋው ይወርዳል። የአንዱ ቅርንጫፍ መኮረኒ ከሌላው አይለይም። የድርጅቱ ኃላፊዎች ምግቡን በየቀኑ እየቀመሱ የሚመዝኑበት ጠረጴዛም ነበራቸው። ያደረ ምግብ ለማግስቱ አውቶማት ላይ አይቀርብም። በቅናሽ ወደሚሸጥባቸው ሌሎች ሱቆች ይሄዳል።

ታዲያ ስንት ያስከፍል ነበር? ቡና አንድ ኒኬል። ሌላው እንደ ዓይነቱ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያም በላይ ኒኬል። የ1912ቷ ኒኬል በዛሬው ዶላር ሲሰላ ወደ 1 ዶላር ከ60 ሳንቲም ትጠጋለች። ማለትም ቡናው ርካሽ ነበር እንጂ ነፃ አልነበረም። የሚገርመው የኋላው ነው። ሁለት የዓለም ጦርነት አለፈ፤ ዋጋ ሁሉ ናረ፤ የአውቶማት ቡና ግን ለ38 ዓመት ያህል አንድ ኒኬል ሆኖ ቆየ። በ1950 ያቺ ኒኬል በዛሬው ዶላር 65 ሳንቲም ግድም ብቻ ነበር ዋጋዋ። ከግማሽ በላይ ረክሳለች ማለት ነው። ያን ጊዜ ድርጅቱ በየስኒው ይከስር ነበር።

ለምን ቀስ በቀስ አልጨመሩም? ለምሳሌ ስድስት ወይም ሰባት ሳንቲም? መሣሪያው ስለማይችል ነው። የሚያውቀው ኒኬል ብቻ ነው። ከአንድ ኒኬል ቀጥሎ ያለው ሁለት ኒኬል ነው። ስለዚህ በ1950 ዋጋው በአንድ ቀን እጥፍ ሆነ፤ 10 ሳንቲም ገባ። ደንበኛው ቅር አለው። ለሠላሳ ስምንት ዓመት ያልተነካ ዋጋ እንደ ውል ይቆጠራል፤ የፈረሰበት ያህል ተሰማው።

እዚህ ላይ ነው የናፍቆቱ ምሥጢር ያለ የሚመስለኝ። ሰዎች አውቶማትን ሲያወሩ መስታወቱንና ሳንቲሙን ያነሣሉ። እኔ ግን ትልቁ ነገር ወንበሩ ነበር እላለሁ። ያቺ ኒኬል ቡና ብቻ አልነበረም የምትገዛው። ሙቅ ክፍል፣ ንጹሕ ጠረጴዛ፣ «ተነሣ» የሚል ሰው አለመኖርን ትገዛ ነበር። በ1930ዎቹ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ ሚሊዮኖች ሥራ ባጡበት ዘመን፣ አንድ ስኒ ቡና ይዘው ሰዓታት የሚቀመጡ ሰዎች ነበሩ። ያቺንም ያጡት ሙቅ ውሃ ቀድተው ጠረጴዛ ላይ ካለው ኬቸፕ ጋር አዋሕደው የቲማቲም ሾርባ ያደርጉ ነበር። ለሻይ የቀረበውን ሎሚና ስኳር በውሃ በጥብጠው ሎሚናት ይጠጡ ነበር። አላባረሯቸውም።

ማን ይገባ ነበር? ሁሉም። ይህን የሚመሰክሩ ብዙ ናቸው። ሚሊየነሩ ከሥራ ፈላጊው ጋር አንድ ጠረጴዛ ይቀመጣል፤ ወንበር ሲጠብ ከማያውቁት ሰው ጋር መጋራት የተለመደ ነበርና። ጥቁር አሜሪካውያን ከብዙ ምግብ ቤቶች በሚመለሱበት ዘመን በአውቶማት ነጩም ጥቁሩም ከአንድ ግድግዳ ይወስድ ነበር። ሴቶችም አሉ። ያለ ወንድ አጃቢ የመጣችን ሴት የማያስተናግዱ ምግብ ቤቶች በነበሩበት ጊዜ፣ አንዲት ጸሐፊ ከሥራ ወጥታ ለብቻዋ በነፃነት የምትበላበት ቦታ ነበር። ሠዓሊው ኤድዋርድ ሆፐር በ1927 «አውቶማት» ብሎ የሣለው ይህንኑ ነው፦ ካፖርቷን እንደለበሰች ለብቻዋ ቡና ይዛ የተቀመጠች ሴት።

ስደተኞችስ? ይህን የምጽፈው በተለይ ከአገር ርቀው ለሚኖሩ አንባቢዎች ነው። አዲስ አገር የገባ ሰው ምግብ ቤት ሲገባ የሚያስፈራው ረሃቡ አይደለም፤ ምናሌው ነው። ስሙን ማንበብ፣ አስተናጋጁ ሲጠይቅ መመለስ፣ ስንት ቲፕ እንደሚተው ማወቅ። አውቶማት ይህን ሁሉ አስቀረ። ምግቡን በዓይንዎ ያያሉ። ዋጋው በቁጥር ተጽፏል። አንድም ቃል እንግሊዝኛ ሳይናገሩ በክብር ይበላሉ። ኒውዮርክ በዚያ ዘመን በስደተኛ የተሞላች ከተማ ነበረች። ሆርን ኤንድ ሃርዳርት በደጉ ዘመኑ በቀን እስከ 800,000 ሰው ያስተናግድ እንደነበር ሲነገር፣ ከዚያ ውስጥ ቋንቋው ያልተፈታለት ምን ያህል እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ይህን የመሰለ ቤት ለምን ተዘጋ?

አንዱን ምክንያት አይተናል፤ ሳንቲሙ ከዋጋው ጋር መሄድ አልቻለም። ሁለተኛው የሰው መኖሪያ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መካከለኛ ገቢ ያለው ሕዝብ መኪና ገዝቶ ከከተማ ዳር ወዳሉ ሰፈሮች ወጣ። ምሳ ከተማ ውስጥ ቢበላ እንኳ እራቱን ቤቱ ይበላል። አውቶማት ግን ከጠዋት እስከ ማታ ካልሞላ አያዋጣም፤ ያ ሁሉ ሠራተኛ፣ ያ ሁሉ ማሽን፣ ያ በከተማው መሃል ያለ ሰፊ አዳራሽ ኪራይ አለበት። ሦስተኛው አዲሶቹ ተፎካካሪዎች ናቸው። በወረቀት የተጠቀለለ ሀምበርገር ሳህን አጣቢ አያስፈልገውም።

አራተኛው ያው ወንበሩ ነው። ቀኑን ሙሉ በአንድ ስኒ የሚቀመጥ ደንበኛ ለሂሳብ መዝገብ አይመችም። ገበያው ሲሞላ ድርጅቱ ይችለዋል፤ ሌላው ሰው ይሸፍንለታል። ገበያው ሲሳሳ ግን የሚቀረው እሱ ብቻ ይሆናል። ድርጅቱ ወጪ ለመቀነስ ሲል ምግቡንም አሳሳ፤ ጥራቱ ሲወርድ የሚከፍለው ደንበኛ ይበልጥ ሸሸ። ይህ ሰንሰለት አንዴ ከጀመረ ለማቆም ይከብዳል።

በ1970ዎቹ ድርጅቱ ራሱ አውቶማቶቹን እየዘጋ በቦታቸው በርገር ኪንግ መክፈት ጀመረ። ይህ የሚደረገው በፍራንቻይዝ ነው፤ ፍራንቻይዝ ማለት የሌላውን ስምና አሠራር እየከፈሉ ተከራይቶ መነገድ ነው። የመጨረሻው አውቶማት ኒውዮርክ ውስጥ በ42ኛው እና በሦስተኛው ጎዳና መገናኛ ላይ ነበር። በሚያዝያ 1991 ተዘጋ።

«መልሶ መክፈት አይቻልም?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ተሞክሯል። በ2006 ኒውዮርክ ኢስት ቪሌጅ ውስጥ ባም የሚባል አንድ ትንሽ አውቶማት ተከፈተ፤ በ2009 ተዘጋ። በ2015 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ኢትሳ መጣ። እዚያ ትእዛዙ በስክሪን ነበር፤ ምግቡ በመስታወት ሳጥን ብቅ ይላል። በ2019 እሱም ምግብ ቤቶቹን ዘጋ። እንደኔ ግምት ሁለቱም የመለሱት በሩን እንጂ ወንበሩን አልነበረም። ወስዶ መሄጃ ነበሩ፤ የመቀመጫውን ዋጋ ሊሸከም የደፈረ አልነበረም።

ዛሬም በሕይወት ያለውን አሠራር ማየት ከፈለጉ ሆላንድ ይሂዱ። ፌቦ የተባለው ድርጅት በ1941 አምስተርዳም ውስጥ በዳቦ ቤትነት ተጀመረ። ዛሬ በየከተማው ትኩስ ምግብ ከግድግዳ ይሸጣል። የሚወደደው ክሮኬት ነው፤ የወፈረ የሥጋ ወጥ በዳቦ ፍርፋሪ ተጠቅልሎ በዘይት የተጠበሰ። ጥቂት ዩሮ ይበቃዎታል፤ አሁን በካርድም ይከፈላል። እዚያ ግን ሰው ከበሩ አውጥቶ በእግሩ እየሄደ ይበላል። የሆላንዱ አውቶማት የቆየው አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል፤ ከመጀመሪያውም ወንበር ቃል አልገባም።

አሜሪካ ላሉ አንባቢዎች የሚቀርባቸው ዋሽንግተን ዲሲ ነው። የስሚዝሶኒያን የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም በ1902 ፊላዴልፊያ ከተከፈተው የመጀመሪያው አውቶማት ግድግዳ ክፋይ አለው። የመስታወት በሮቹና ጌጡ ሁሉ አሉበት። የሙዚየሙ መግቢያ ነፃ ነው። ሙዚየሞች ዕቃቸውን እያፈራረቁ ስለሚያሳዩ ግን ከመሄድዎ በፊት ደውለው ይጠይቁ።

ከቤት ሳይወጡ ማየት ከፈለጉም ፊልም አለ። ሊሳ ሁርዊትዝ ያዘጋጀችው «ዘ አውቶማት» የተባለ ዘጋቢ ፊልም በ2021 ወጥቷል። ኮሜዲያኑ ሜል ብሩክስ፣ ጄኔራል ኮሊን ፓውል፣ ዳኛ ሩት ቤደር ጊንስበርግ የልጅነታቸውን ይናገሩበታል። ስታርባክስን ያሳደገው ሃዋርድ ሹልትዝም በልጅነቱ አውቶማት ገብቶ ማየቱ እንዴት እንደነካው ያወራል። ምግቡን ለመቅመስ ለሚፈልግም መንገድ አለ። ሎሬን ዲል እና ማሪያን ሃርዳርት በ2002 ባሳተሙት መጽሐፍ የምግቦቹ አሠራር ተካትቷል። መኮረኒውን ለመሥራት ምድጃ፣ ቺዝና ትዕግሥት ይበቃል።

ማስታወሻ መሰብሰብ የሚወድ ሰውም አይጠፋም። የአውቶማት ፖስት ካርዶች በብዛት ስለታተሙ በጥቂት ዶላር ይገኛሉ። ከግድግዳው የተነቀሉ በሮች ግን ውድ ናቸው፤ ስለ ቁራጭ ብረትና መስታወት ያን ያህል መክፈልን አልመክርም።

ዕድሜዎ ከሰባ በታች ከሆነ ምናልባት የእርስዎ ናፍቆት አውቶማት ሳይሆን ፒዛ ሃት ነው። የዚህኛው ታሪክ አጠር ይላል፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ዳን እና ፍራንክ ካርኒ የተባሉ ወንድማማቾች በ1958 ከእናታቸው 600 ዶላር ተበድረው ካንሳስ ውስጥ ዊቺታ ላይ ከፈቱት። ታዋቂው ቀይ ጣሪያ ከ1969 ጀምሮ መጣ። በ1980ዎቹ «ቡክ ኢት» የተባለ ፕሮግራም ጀመሩ፤ በወሩ የታዘዘለትን መጽሐፍ አንብቦ የጨረሰ ተማሪ ለራሱ ብቻ የምትሆን ትንሽ ፒዛ በነፃ ያገኛል። በዚያ ዘመን አሜሪካ ገብተው ልጅ ያሳደጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ልጃቸው በንባብ ያገኛትን ፒዛ አብረው ሄደው የበሉ ይኖራሉ።

የእሱም አዳራሽ እንዴት ተዘጋ? ሰው ፒዛን እስከ መኖሪያ ቤቱ ማስመጣት ለመደ። ቤት የሚያደርስ ፒዛ ቤት ወንበር፣ መብራት፣ አስተናጋጅ፣ ሰፊ የመኪና ማቆሚያ አያስፈልገውም። ትንሽ ማእድ ቤት ይበቃዋል። ስለዚህ ቀይ ጣሪያ የነበራቸው ብዙ ሕንፃዎች ተሽጠው ዛሬ ሌላ ሥራ ይሠራባቸዋል፤ ጣሪያቸውን አይቶ ግን ማንም ይለያቸዋል። በቅርብ ዓመታት ድርጅቱ ጥቂት ቅርንጫፎችን በድሮው መልክ መልሷል፤ ቀዩ ብርጭቆ፣ ባለ ቀለም መስታወት መብራቱ፣ የዱሮው አርማ ሁሉ አለ። ሰዎች እነሱን ፍለጋ ረጅም መንገድ ይነዳሉ። አዲስ አበባ ፒዛ ሃት የገባው በ2018 ስለሆነ፣ ለአሜሪካዊው ትዝታ የሆነው ስም ለአዲስ አበባ ልጅ ገና አዲስ ነገር ነው።

አንድ ሰው ይህን ናፍቆት ሰምቶ «ምግቡ ያን ያህል ጣፋጭ ነበር?» ብሎ ቢጠይቅ መልሱ «ደህና ነበር» ነው። ቦሎቄ ቦሎቄ ነው። ሰው ያጣው ግን ገንዘብ ሳይኖረው ሳይሸማቀቅ ከሰው መሃል የሚቀመጥበትን ቦታ ነው። ያ ቦታ ወጪ አለው። ኪራይ አለው፣ ማሞቂያ አለው፣ የሚጠርግ ሰው ደመወዝ አለው። አንድ ሰው ካልከፈለው ይዘጋል።

በእርስዎ ሰፈርም አረጋውያኑ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን የሚቀመጡበት፣ ባለቤቱም ዝም የሚላቸው ቡና ቤት ካለ፣ ሲገቡ ሁለተኛ ስኒ ይዘዙ። ከቻሉ አንድ ኬክም ይጨምሩ። የእነዚያን አረጋውያን ወንበር የሚከፍለው የእርስዎ ሂሳብ ነው።